በፕሉቶ ሬዲዮ ምልክት ልኬ ነጸብራቁን እየለካሁ ነው፤ የገመዱ ብልሽት ግን አልታይ አለኝ

ጣራ_ላይ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። የሕንፃው ኮሚቴ ፈቅዶልኝ ጣራው ላይ ትንሽ አንቴና ሰቅያለሁ። ሜቴዎር የሚባለው የሩሲያ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ሲያልፍ በ137 ሜጋኸርዝ ምስሉን እቀበልበታለሁ። እስከ ሰኔ ድረስ ምስሉ ጥርት ያለ ነበር። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ግማሹ መስመር ይቆራረጣል። አንቴናውን አውርጄ ሞከርኩት፤ ደህና ነው። ሬሲቨሩም ደህና ነው። የቀረው ገመዱ ነው።

ገመዱ አርጂ 58 የሚባለው፣ መሀሉ ሽቦ ዙሪያው የብረት መረብ የሆነው የአንቴና ገመድ ነው፤ ርዝመቱ 30 ሜትር ገደማ። አብዛኛው የሚያልፈው በግድግዳ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ነው። ስቤ ላውጣው ብል የጎረቤቶቼም ገመድ አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ሳልነካው ብልሽቱ ስንተኛው ሜትር ላይ እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ከጓደኛዬ ፕሉቶ ኤስዲአር፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዝ መላኪያና መቀበያ ሬዲዮ፣ ተውሻለሁ። ሐሳቤ ቀላል ነው። አጭር ምት እልካለሁ፤ ብልሽቱ ላይ ነጥሮ እስኪመለስ ጊዜውን እቆጥራለሁ። መላኪያውን፣ መቀበያውንና ገመዱን በቲ ማገናኛ አንድ ላይ አያያዝኳቸው። ሳምፕሉ በሰከንድ 20 ሚሊዮን ነው። የማየው ግን አንድ ወፍራም ጉብታ ብቻ ነው። ኃይሉን ብጨምረው ይለያይ ይሆን?

የአምስት_ኪሎዋ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ወንድሜ፣ ኃይሉን አትጨምር፤ እንዲያውም አሁኑኑ ቀንሰው። ፕሉቶ እስከ መጨረሻው ከተከፈተ 5 ሚሊዋት ገደማ ያወጣል። መቀበያው ደግሞ 2 ሚሊዋት እንኳ አይችልም። ቲው መሀል ላይ ምንም መከላከያ የለውም። መቀበያው አፍ ላይ ቢያንስ 30 ዴሲቤል አቴኑዌተር፣ ማለትም ምልክት ማድከሚያ፣ ግጠም። ማጉያውን የሚያዘውን አውቶማቲክ ጌይንም አጥፋና በእጅ አስተካክል። አለዚያ መሣሪያው ራሱ ከፍ ዝቅ እያደረገ ልኬቱን ያበላሽብሃል።

አንድ ነገር ደግሞ አስጨነቀኝ። አንቴናው እዚያ ጣራ ላይ እንደተሰካ ነው? ከሆነ ምልክትህ ወደ አየር እየወጣ ነው። ከ137 ሜጋኸርዝ በታች ያለው ሰፈር የአውሮፕላንና የመቆጣጠሪያ ማማ መነጋገሪያ ነው። በዚያ ላይ መጫወት አይቻልም። ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ወደ አየር ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንቴናውን ንቀልና የገመዱን ጫፍ በሾርት፣ ማለትም የመሀሉን ሽቦና መረቡን በሚያገናኝ ክዳን፣ ዝጋው። ያኔ ምልክቱ ገመዱ ውስጥ ይቀራል። ጫፉም ደህና አድርጎ ስለሚያንጸባርቅ መለያ ይሆንልሃል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ገደል ፊት ቆመህ ረዘም አድርገህ ብትጮህ፣ አንተ ሳትጨርስ ማሚቶው ይመጣል። የቅርቡ ገደልና የሩቁ ገደል ድምፅ ይደበላለቅብሃል። አንዴ ብታጨበጭብ ግን ሁለቱን ለየብቻ ትሰማለህ። በሬዲዮ አጭር ጭብጨባ ማለት ሰፊ ባንድዊድዝ፣ ማለትም ሰፊ የፍሪኩዌንሲ ክልል ማለት ነው። ሁለት ነጸብራቆችን ለያይቶ የሚያሳየው ርቀት የሞገዱ ፍጥነት ለባንድዊድዙ እጥፍ ሲካፈል ነው። የአንተ 20 ሚሊዮን ሳምፕል የሚሸፍነው 20 ሜጋኸርዝ በአየር 7.5 ሜትር ይሰጥሃል። በአንተ ገመድ ውስጥ ወደ 5 ሜትር ይወርዳል። 30 ሜትር ገመድ በስድስት ነጥብ ብቻ ስትስለው ወፍራም ጉብታ ቢሆን አይገርምም። ኃይል ሩቁን ያሳይሃል እንጂ ጎን ለጎን የቆሙትን አይለይልህም።

ጋሽ_ሽቦ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ፣ እኔ የዛሬ ልጆች መሣሪያ ብዙም አይገባኝም። ግን በመዳብ የስልክ ገመድ ላይ ብልሽት ስፈልግ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። የእኛም መሣሪያ እንደዚሁ ምት ልኮ ነጸብራቁን ያሳየን ነበር፤ ክብ አረንጓዴ መስታወት ነበረው።

ሁለት ነገር ልንገርህ። ምልክት በገመድ ውስጥ እንደ አየሩ አይሮጥም። ውስጡ ደፍን ነጭ ፕላስቲክ ከሆነ ፍጥነቱ የብርሃን 66 በመቶ ነው። አረፋ ከሆነ ከ80 በመቶ በላይ ይሄዳል። ይህን በትክክል ካልነገርከው መሣሪያው ሌላ ሰው ቤት ይወስድሃል። በአየር ፍጥነት ብታሰላው ያንተን 30 ሜትር 45 ነው ይልሃል።

ሌላው፣ መሣሪያውን ከመክፈትህ በፊት መቀጠያ የት የት እንዳለ በወረቀት ጻፍ። ብልሽት የሚወደው መቀጠያ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11፡30

ከሜሪላንድ ሰላም። እዚህ ናኖ ቪኤንኤ የሚባል የገመድና የአንቴና መለኪያ በርካሽ ይገኛል፤ ይህንን ሥራ ራሱ ይሠራልሃል። ለምን በኤስዲአር ትደክማለህ? እኔ ደግሞ ሃክአርኤፍ የሚባለው ኤስዲአር አለኝ፤ በእሱስ ይሆናል?

የአምስት_ኪሎዋ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ሃክአርኤፍ በአንድ ጊዜ ወይ ይልካል ወይ ይቀበላል፤ ሁለቱን አብሮ አይሠራም። ነጸብራቅ ደግሞ እየላክህ ነው የምትሰማው። እዚህ ገመድ ውስጥ ወሬው ሁሉ ከ300 ናኖ ሰከንድ ትንሽ አልፎ ያልቃል። ከመላክ ወደ መቀበል ለመዞር ፋታ የለም። ፕሉቶ፣ ላይምኤስዲአር፣ ዩኤስአርፒ ቢ210 ሁለቱንም አብረው ይሠራሉ። አርቲኤል የሚባለው ርካሹ ደግሞ መቀበያ ብቻ ነው።

ናኖ ቪኤንኤው እውነት ነው፤ ያለው ይጠቀምበት። ጣራ_ላይ እጁ ላይ ያለው ግን ፕሉቶ ነው፤ ፕሉቶንም ቪኤንኤ ማድረግ ይቻላል። ነገሩ እንዲህ ነው። 500 ሜጋኸርዝ ባንድዊድዝ በአንድ ጊዜ የሚልክ መሣሪያ የለንም። ግን ደረጃ በደረጃ መሄድ እንችላለን። መጀመሪያ 100 ሜጋኸርዝ ላይ አንድ ንጹሕ ሞገድ ላክ። የተመለሰውን መጠኑንና ፌዙን፣ ማለትም ሞገዱ በዑደቱ የቱ ቦታ ላይ እንዳለ፣ መዝግብ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ደረጃ። እስከ 600 ውጣ። በመጨረሻ ሁሉንም ሰብስበህ ፍሪኩዌንሲን ወደ ጊዜ የሚመልሰውን ስሌት፣ ተገላቢጦሽ ፎሪየርን፣ ስትሠራበት ውጤቱ አንድ አጭር ምት የላክህ ያህል ነው። ባንድዊድዝህ 500 ሜጋኸርዝ ስለሚሆን በአንተ ገመድ 20 ሴንቲሜትር ድረስ ትለያለህ።

ታዲያ ለምን እስከ 3 ጊጋ አንወጣም ትል ይሆናል። አርጂ 58 ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ምልክት ይበላል። 1 ጊጋ ላይ በ30 ሜትር 20 ዴሲቤል ያህል ይጠፋል። ከመቶ አንዱ ደረሰ ማለት ነው። ሲመለስ ደግሞ ከዚያው ከመቶ አንዱ። ከአሥር ሺህ አንድ ይዘህ ብልሽት መፈለግ ይከብዳል።

ጣራ_ላይ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። አንቴናው ተነቅሏል፤ ጫፉ በሾርት ተዘግቷል፤ አቴኑዌተሩም ገብቷል። ፕሉቶው በሴቲንግ ወደ 70 ሜጋኸርዝ ወርዷል። በፓይተን ኮድ ጻፍኩና ከ100 እስከ 600 ሄድኩ።

የወጣው ግን ሣር የሚመስል ጫጫታ ብቻ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የበቀለ ሣር። ደግሜ ስለካ ሌላ ሣር። መጠኑ በየደረጃው ተመሳሳይ ነው፤ ፌዙ ግን በየጊዜው ይለዋወጣል። ኮዱን ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ስህተት አላገኘሁበትም።

ጣና_ዳር፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡10

ኮድህ ደህና ነው። ችግሩ ሰዓቱ ነው።

ፕሉቶ ውስጥ መላኪያውና መቀበያው የየራሳቸው ፍሪኩዌንሲ አመንጪ አላቸው። ወደ አዲስ ደረጃ በሄድክ ቁጥር ሁለቱም እንደገና ይቆለፋሉ። ሲቆለፉ በመሀላቸው ያለው ፌዝ በዘፈቀደ ነው የሚወድቀው። ሩጫ እየለካህ በየዙሩ የሩጫ ሰዓቱን ካልታወቀ ቁጥር እንደማስነሳት ቁጠረው። እያንዳንዱ ዙር ለብቻው ትክክል ነው፤ ሲደመር ግን ትርጉም የለውም።

መፍትሔው ሁለት መቀበያ ነው። ፕሉቶ ሪቪዥን ሲ ወይም ዲ ከሆነ ሳጥኑን ስትከፍት ቦርዱ ላይ ለሁለተኛው ቻናል ትንንሽ ማገናኛዎች ታያለህ። ሁለቱ መቀበያዎች አመንጪውን ይጋራሉ። ስለዚህ አንዱን የተላከውን አስደምጠው፣ ሌላውን የተመለሰውን። ከዚያ የተመለሰውን ለተላከው አካፍል። በዘፈቀደ የመጣው ፌዝ በሁለቱም ላይ እኩል ስላለ ሲካፈል ይጠፋል። የምትለካው ምን እንደተመለሰ ብቻ አይደለም፤ ከላክኸው ጋር ሲነጻጸር ምን እንደተመለሰ ነው።

ቲውንም ጣለው። ዳይሬክሽናል ከፕለር ያስፈልግሃል፤ ሂያጁንና ተመላሹን የሚለይልህ እሱ ነው። ከገመዱ በፊት ደግሞ በገመዱ ቦታ 50 ኦም ሎድ ሰክተህ አንድ ጊዜ ለካ። ሎድ ምንም አይመልስም። ስለዚህ ያኔ የሚታየው በከፕለሩ በራሱ ሾልኮ የሚያልፈው ነው፤ ከሌላው ልኬት ቀንሰው።

ይህን ጉዳይ የማውቀው የሬዲዮ ሞገድ በሚያንጸባርቀው የላይኛው የአየር ሽፋን፣ በአዮኖስፌር ምክንያት ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ነው የሚያልፈው። እኛ አናት ላይ ያለው አዮኖስፌር ብዙ አገር የማይታይ ጠባይ አለው። 300 ኪሎሜትር ወደ ላይ የተላከ ምልክት ነጥሮ ለመመለስ 2 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ጁሃ ቪየሪነን የጻፈው ጂኤንዩ ቸርፕሳውንደር የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ። ሌሎች ጣቢያዎች የሚልኩትን፣ ፍሪኩዌንሲው እየተንሸራተተ የሚሄድ ምልክት በኤስዲአር ያዳምጣል። አንተ ምንም ሳትልክ። እዚያም ቢሆን ሥራው ሁሉ ሰዓት ማስማማት ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡15

ሳይልኩ የሌላውን ነጸብራቅ ማዳመጥ ያልከው ልቤን ወሰደው። አውሮፕላንም እንዲህ ይታያል?

ጣና_ዳር፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

አዎ። የራዳር ታሪክም አንዱ መነሻው እዚያ ነው። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1935 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዋትሰን ዋትና ዊልኪንስ እንግሊዝ አገር ዳቨንትሪ አጠገብ መቀበያ ተከሉ። ራሳቸው አልላኩም። የቢቢሲን የአጭር ሞገድ ማሰራጫ ተጠቀሙ። አንድ ሄይፎርድ ቦምብ ጣይ ሲያልፍ ከአካሉ የነጠረውን ምልክት እስከ 13 ኪሎሜትር ድረስ አዩት።

ዛሬ በኤፍኤም ጣቢያ ትሠራዋለህ። አንድ አንቴና ወደ ማሰራጫው፣ ሌላው ወደ ሰማይ፤ ሁለቱ መቀበያዎች በአንድ ሰዓት መመራት አለባቸው። የኤፍኤም ባንድዊድዝ ጠባብ ስለሆነ ርቀቱን የምትለየው በኪሎሜትር ነው። ፍጥነቱን ግን በዶፕለር፣ ማለትም እንቅስቃሴ በሚያመጣው የፍሪኩዌንሲ ለውጥ፣ ጥሩ አድርገህ ታያለህ። ለዚህ ለብቻው ርዕስ ክፈት፤ እመጣለሁ። የጣራ_ላይን ገመድ እንጨርስ።

ጣራ_ላይ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

ተሳካ! ሣሩ ጠፋ። ከመርካቶ ያገኘሁት አሮጌ ከፕለር ሠራልኝ። ሁለተኛውን ቻናል ለማብራት አንድ ምሽት ፈጀብኝ፤ ግን በራ።

ደረጃውን 5 ሜጋኸርዝ አድርጌ 101 ነጥብ ለካሁ። ሁለት ጥርት ያሉ ጉብታዎች ወጡ። አንዱ አነስ ያለ ነው፤ 2.2 ሜትር ላይ። ሁለተኛው በጣም ትልቅ ነው፤ 10.2 ሜትር ላይ። ትንሹ ቤቴ ውስጥ ነው፤ ምናልባት ማገናኛው ይሆናል። ትልቁ ግን ሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ግድግዳ ውስጥ ነው የሚውለው። ነግሬያቸዋለሁ፤ ፈቅደውልኛል። ነገ ጠዋት ግንበኛ ይመጣል።

ጋሽ_ሽቦ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡48

ልጄ፣ ግንበኛውን አስቀረው።

የገመዱ ጫፍ የት አለ? 30 ሜትር ላይ ሾርት ሰክተሃል። ከሁሉም ጎልቶ መታየት ያለበት እሱ ነው። አንተ የነገርከን ሁለት ነው፤ ጫፉን አልነገርከንም። ገመዱ 10 ሜትር ላይ ጨርሶ ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ የሳተላይቱን ምስል በግማሽም አታገኝም ነበር። ጫፉን ሳታገኝ ግድግዳ አይነካም።

የአምስት_ኪሎዋ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡02

ጋሼ፣ እጅዎን እስማለሁ። እኔ ማስጠንቀቅ ነበረብኝ፤ ደረጃው ስንት እንደሚሆን ሳልነግረው ነው የተውኩት።

ጣራ_ላይ፣ በደረጃ ስትለካ ሥዕሉ መጨረሻ አለው። የሞገዱን ፍጥነት ለደረጃው እጥፍ አካፍል። በ5 ሜጋኸርዝ በአንተ ገመድ 19.8 ሜትር ይመጣል። ከዚያ በላይ ያለ ነገር አይጠፋም፤ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል። 30 ላይ 19.8 ሲቀነስ ስንት ነው? 10.2። ትልቁ የአንተ ሾርት ራሱ ነው።

የማረጋገጫው መንገድ ቀላል ነው። ደረጃውን ቀይር። እውነተኛው ቦታው ላይ ይቆማል፤ ዞሮ የመጣው ይንቀሳቀሳል። 2 ሜጋኸርዝ አድርገው፤ 251 ነጥብ። ሥዕሉ 49.5 ሜትር ድረስ ይዘልቃል። ፎሪየሩን ከመሥራትህ በፊትም የልኬቱን ሁለት ጠርዞች ቀስ በቀስ የሚያደክመውን ሃን ዊንዶው አልብሰው። የትልቁ ጉብታ ግራና ቀኝ ጥላ ትንሹን ይሸፍንብሃል። ጉብታዎቹ ትንሽ ይወፍራሉ፤ ግን ጥላው ይቀንሳል።

ጣራ_ላይ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡20

ሁለቱም ተንቀሳቀሱ! ትልቁ 30.0 ሜትር ላይ። ትንሹ 22.0 ላይ። ደረጃውን ወደ 1 ሜጋኸርዝ አውርጄም ደገምኩት፤ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

ጋሽ ሽቦ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። የሰው ግድግዳ አተረፉልኝ። ጎረቤቶቼንም ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

22 ሜትር ማለት በግምት ገመዱ ከቱቦው ጣራው ላይ የሚወጣበት ነው። ወረቀቴ ላይ እንደጻፍኩት እዚያ አንድ መቀጠያ አለ፤ በቴፕ ተጠቅልሏል።

ጋሽ_ሽቦ፦ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡30

አልኩህ፤ መቀጠያ ነው። አሁን ንገረኝ፤ ጉብታው ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች? በእኛ መስታወት የተቆረጠ ወደ ላይ ይነሳል፤ የተነካካና ውሃ የገባበት ወደ ታች ይወርዳል።

የአምስት_ኪሎዋ፦ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ጋሼ፣ የእርስዎ መሣሪያ ከታች ከዜሮ አካባቢ ጀምሮ ነው የሚልከው። ስለዚህ ላይና ታቹን ያውቃል። የእሱ ከ100 ሜጋኸርዝ ነው የሚጀምረው። በዚህ መንገድ ቦታው ይገኛል፤ ላይና ታቹ ግን እንዲህ በቀላሉ አይነበብም። ናኖ ቪኤንኤ ከ50 ኪሎኸርዝ ስለሚጀምር ለዚህ ይሻላል።

ግን ሌላ መንገድ አለን። ክረምት ነው። ዛሬ ዝናብ እንደጣለ ለካ። ነገ ፀሐይ ካየ በኋላ ደግሞ ለካ። ምንም ሳትነካ። የተቆረጠ ሽቦ ለዝናብ ግድ የለውም።

ጣና_ዳር፦ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ትክክል። የገመዱ ፕላስቲክ ሞገድን ምን ያህል እንደሚያዘገይ የሚናገረው ዳይኤሌክትሪክ ቁጥሩ 2.25 ገደማ ነው፤ የ66 በመቶው ፍጥነትም የመጣው ከዚያ ነው። የውሃ ግን 80 ይጠጋል። ትንሽ እርጥበት ብቻ የገመዱን ኢምፔዳንስ፣ ማለትም ለሞገዱ የሚያሳየውን መቋቋም፣ ከ50 ኦም በብዙ ያወርደዋል። ውሃ ከሆነ ጉብታው ሲረጥብ ይጎላል፤ ሲደርቅ ይቀንሳል።

ጣራ_ላይ፦ እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ወዲያው ለካሁ። ቅዳሜ ጥሩ ፀሐይ ወጣ፤ በ9 ሰዓት ደግሜ ለካሁ። የ22 ሜትሩ ጉብታ በ5 ዴሲቤል ወርዷል። የ30ው ከፍ ብሏል፤ ማለፍ የቻለው ጨምሯል ማለት ነው።

ዛሬ ጠዋት ጣራ ላይ ወጣሁ። ቴፑን ስፈታው ውሃ ጠብ አለ። የውስጡ መዳብ አረንጓዴ ሆኗል። መረቡም እስከ አንድ ጣት ርዝመት ጠቁሯል። የተበላሸውን ቆርጬ አዲስ ማገናኛ አሠርኩ። በላዩ ውሃ የማያስገባ የጎማ ቴፕ፣ ከዚያ የተለመደውን ቴፕ። ገመዱንም ወደ ታች አጎንብሼ አሰርኩት፤ ውሃው በመቀጠያው ላይ እንዳይወርድ።

ከዚያ ለካሁ። 22 ላይ ያለው ከሣሩ ትንሽ ብቻ ከፍ ይላል። የገመዱ ጫፍ 29.7 ሜትር ላይ መጣ። የቆረጥኩትን በሜትር ስለካው 30 ሴንቲሜትር ነው።

አንቴናውን መለስኩ። ፕሉቶው ተነቅሎ መቀበያው ብቻ ነው የተሰካው። የቀኑ 7 ሰዓት ሜቴዎር ሙሉ ምስል ሰጠኝ። ከቀይ ባሕር እስከ ቱርካና ሐይቅ ድረስ፣ አንድም መስመር ሳይቆረጥ።

ጋሽ_ሽቦ፦ እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡15

ጎበዝ ልጅ። መረቡ ጠቁሯል ያልከው ግን አላስተኛኝም። ውሃ በመረብ ውስጥ ተስቦ ይሄዳል። ገመዱ ከጣራ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከ20 እስከ 22 ሜትር ያለውን ቀረብ አድርገህ እየው። የዛሬውንም ልኬት አስቀምጠው፤ የሚመጣው ክረምት ላይ ከሱ ጋር ታስተያየዋለህ።

ጣራ_ላይ፦ እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡05

እሺ ጋሼ። አሁን አጉልቼ አየሁት። 21.4 አካባቢ አንድ ዝቅ ያለ እብጠት አለ። ቅዳሜ የለካሁት ሥዕል ላይም ነበር፤ ትልቁ ሸፍኖት ነው። ልኬቱን በዛሬው ቀን ስም አስቀምጫለሁ። ነገ ከዝናቡ በኋላ አንቴናውን ነቅዬ ደግሜ እለካለሁ፤ ሥዕሉን እዚሁ እለጥፋለሁ።